ከሌንሱ ዳር የቀሩት እናት

ሌንሱ በካርቶን ታሽጎ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ ቀን የወንድሜ ልጅ በሩን ዘግታ ነው ካርቶኑን የከፈተችው፤ አቧራ እንዳይገባበት። ከዚያ በፊት ከማውቃቸው የካሜራ ሌንሶች ጋር አይመሳሰልም። ጥቁር፣ አጭር፣ ለመጠኑ ከባድ የሆነ ብረት ነው። እንደ ብስክሌት ጥርስ ያለ ጥርስ የተቀረጸባቸው ሁለት ቀለበቶች አሉት። በአንደኛው ላይ ርቀት በሜትር ተጽፎበታል፤ ሌላው የሚገባውን ብርሃን የሚያሰፋና የሚያጠብ ነው። ሁለቱም በእጅ ካልተዞሩ አይነቃነቁም።

«ሲኒማ ሌንስ ነው እቴቴ» አለችኝ። «ዋይድ ነው፤ ሰፊ ያያል። ማኑዋል።»

«ማኑዋል ማለት በራሱ አያይም ማለት ነው?»

«ማየቱን ያያል። የቱን አጥርቶ እንደሚያይ የምነግረው ግን እኔ ነኝ።»

ልጅቱ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደምበጫ የሰርግ ቪዲዮ ትቀርጻለች። ካሜራዋ ትንሽ ናት፤ መዳፍ ላይ ታርፋለች። የድሮው ሌንሷ ፎከስ የሚያደርገው በራሱ ስለነበር የሙሽራዋ ቬሎ በፊቱ ሲያልፍ ይደናገጥና አንዴ ቬሎውን፣ አንዴ ግድግዳውን እያየ ሙሽራዋን ያጠፋታል። ይኼኛው ባስቀመጡት ቦታ ይጸናል አለችኝ። እኔም የሚጸና ነገር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሌንሱ የተገዛው ለሰርግ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ወንድሜ ሰው ገድሏል። ብዙ ዘመን ሆነው። ከገበዝ ማርያም ወዲህ ባለው ደጋ፣ በተወለድንበት አገር፣ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው ጎረቤቱን በዱላ መታው፤ ሰውየው በማግሥቱ ሞተ። ወንድሜ ተፈርዶበት ታሰረ፣ ጨርሶም ወጣ። በመንግሥት በኩል ነገሩ አልቋል። ደም ግን በእስራት አይደርቅም። ሟች ታላቅ ወንድም ነበረው። ስለዚህ ወንድሜ ከወህኒ ሲወጣ ወደ እርሻው ሳይሆን ወደ እኔ ቤት መጣ። መሬቱን ሌላ ሰው ያርሰዋል። እሱ ቀን ቀን ከቤት አይወጣም። በር ሲንኳኳ ተነሥቶ ጓዳ ይገባል፤ ማን እንደመጣ ወጥቼ የማየው እኔ ነኝ። ልጁ ይኼን እያየች ነው ያደገች።

ሽማግሌዎች ለብዙ ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ የሟች እናት እሺ አሉ። የቀረው ታላቅ ልጃቸው ነበር። ጅጅጋ ነው የሚሠራው፤ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ መምጣት አልሆነለትም። እናቱ እሺ ሲሉ አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ ላከለት። የእሱን መልስ የሽማግሌዎቹ አለቃ ራሳቸው ቤታችን ድረስ ይዘውት መጡ። ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተናገሩ።

«ልጁ አልታረቅም አላለም። ቁራጭ አልቀበልም ነው ያለ።»

«ቁራጭ እንዴት ያለ?» አልኳቸው።

«ስልኩ የእናቴን አፍ ብቻ ነው የሚያይ አለ። ከስልኩ ጀርባ ማን ቆሟል? ዱላ የያዘ ይኑር፣ ዓይኑን የሚያፈጥባቸው ይኑር፣ እዚህ ሆኜ በምን ዐውቃለሁ አለ። ሁሉም ሰው እጁ ሳይቀር ባንድ ላይ ይታየኝ፤ ከተጀመረ እስኪያልቅ ሳይቆረጥ። ያን ጊዜ የወንድሜን ደም እተዋለሁ። አለዚያ እርቁ የእናንተ ነው እንጂ የእኔ አይደለም አለ።»

«ልክ ነው» የሚል ድምፅ ከጓዳ ተሰማ። ወንድሜ ነው።

«አንተ ደግሞ ከግድግዳ ጀርባ ሆነህ ትፈርዳለህ?» አሉ ሽማግሌው።

ልጅቱ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚያይ ሌንስ አለ» አለች። «እኔ እቀርጸዋለሁ።»

«አንቺማ የእሱ ልጅ ነሽ።»

«ሌንሱ የእሱ ልጅ አይደለም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ምላሷስ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። የእኔ መሆኑን ያውቃሉ።

ሌንሱ መጥቶ መጀመሪያ የሞከረችው ቀን ልጅቱ ፊቷ ጠቆረ። ሌንሱ የሚያየውን ያህል ካሜራዋ አትቀበልም ነበር። ምስሉ የሚያርፍባት ነገር፣ ሴንሰር የሚሏት፣ በካሜራዋ ውስጥ ትንሽ ናት። በትልቅ ገበታ የቀረበውን በትንሽ ሳህን እንደመቀበል ነው፤ ዳር ዳሩ ይቀራል። ስትገዛ ያየችው ምስል በትልቅ ካሜራ የተነሣ ኖሯል። እንደዚያም ሆኖ ከድሮው ሌንሷ እጅግ ይሰፋል፤ ወደ ኋላ ራቅ ከተደረገ ይበቃል አለች።

እኔን በበርጩማ አስቀምጣ ትለማመድብኝ ጀመር። ዳር ስቀመጥ ክንዴ እንደ አካፋ እጀታ ይረዝማል። ስጠጋ ፊቴ ቤቱን ይሞላዋል፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ወንድሜ የክብሪት እንጨት ያክላል።

«ሰውን እንዲህ ነው እንዴ የሚያሳየው?» አልኳት።

«የቀረበውን ያገዝፋል፣ የራቀውን ያሳንሳል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን እኩል መራቅ አለበት፤ መሃል ላይ።»

ችግሩ ግን መሃሉ ነበር። በእኛ አገር የደም እርቅ ሲሆን ሁለቱ ወገን ትይዩ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ባዶ መሬት ይተዋል። የሟች ወገን ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ ከሽማግሌና ከካህን በቀር ያን መሬት ማንም አይረግጠውም። የገዳይ ወገን ከረገጠው እንደ ድፍረት ይቆጠራል። የሟች ወገን ከረገጠው ለመምታት እንደተነሣ ይቆጠራል። በሁለቱም ሰው ለጠብ ይነሣል። እርስ በርስ መነጋገርም የለም፤ ቃል የሚያልፈው በሽማግሌ በኩል ነው።

ልጅቱ የገዳይ ልጅ ናትና ካሜራው ጋ መቆም አትችልም። ሌላ ሰው ደግሞ ሌንሱን አያውቀውም። ስለዚህ ማንም ሳይነካው የሚሠራበትን መንገድ ፈለገች። የብርሃኑን ቀለበት አጠበበች፣ የርቀቱን ቀለበት አንድ ቁጥር ላይ አቆመች። እንዲህ ሲሆን ከዘንግ ርዝመት ጀምሮ ባሻገር ያለው ሁሉ፣ ዛፉም ሰዉም፣ ጥርት ብሎ ይታያል አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የቀረበ ብቻ ይደበዝዛል። ቀለበቶቹ እንዳይዞሩ ከጤና ጣቢያ የሥራ ዘመኔ የቀረኝን የቁስል ፕላስተር ሰጠኋትና ዙሪያውን ጠቀለለችበት። ካሜራውን ተሸክመው መሃል የሚያቆሙት፣ ቁልፉንም የሚጫኑት ሽማግሌው እንዲሆኑ ተስማሙ።

«እኔ ከፍላጻ በቀር አነጣጥሬ አላውቅም» አሉ ስታስተምራቸው።

«ማነጣጠር የለበትም አባቴ። ማቆም ብቻ ነው።»

ለእርቁ የተመረጠው ቦታ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ የቤተ ክርስቲያን ሜዳ ነው፤ ለሁለቱም ወገን አገሩ ስላልሆነ። ስንሄድ ኬላ ላይ የካሜራውን እግር ቦርሳ አስከፍተው ብረቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ወንድሜ በሚኒባሱ ኋላ ወንበር ላይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። ማንም ምንም አልጠየቀውም።

ቀድመን ደረስን። ከዋርካው ሥር ልጅቱ በሜትር ለክታ የካሜራው እግሮች የሚያርፉባቸውን ቦታዎች በጠጠር ምልክት አደረገች። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኛ በግራ፣ እነሱ በቀኝ ይሆናሉ፤ ካሜራው ከባዶው መሬት ጫፍ ቆሞ ሁላችንንም ያያል። ከዚያ ከመሃሉ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እነሱ መጡ። ዱላ ሁሉ በር ላይ ቀረ። የሟች እናት ከወገናቸው መሃል ተቀመጡ። ከእኔ የሚበልጡ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ወደ እኛ አላዩም፤ እኔም ወደ እርሳቸው አላየሁም።

ሽማግሌው ካሜራውን እንደ እንቁላል ቅርጫት በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡና ጠጠሮቹ ላይ አቆሙት። ልጅቱ ትንሿን ስክሪን ወደ ፊት ዘርግታላቸው ስለነበር ምስሉ ከፊት ለተቀመጠ ሰው ይታያል። ቁልፉን ተጫኑ።

«ቀይዋ ነጥብ በራች?» አለች ልጅቱ በዝግታ። በአንገታቸው ምልክት ሰጧትና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ካህኑ ጸሎት አደረጉ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ይመርቁ ጀመር። ምርቃት ሲረዝም ፀሐይ ሄደች፤ የዋርካው ጥላ ከሰው ላይ ሸሸ። የእናቲቱ አናት ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ከወገናቸው አንዲት ሴት በርጩማቸውን አንሥታ ጥላው ወደ ቀረበት ወሰደችላቸው። ጥላው የቀረው ከሰልፋቸው ጫፍ፣ ካሜራው ጎን ነበር።

ልጅቱ የእጄን አንጓ ያዘች።

«ወጡ» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ማን?»

«እናትዮዋ። ከምስሉ ወጡ። እዚያ ሆነው አይታዩም።»

«ከአጠገቡ አይደሉም እንዴ?»

«ከአጠገቡ መሆን ነው ጥፋቱ። ሌንሱ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን አያይም። ትልቅ ካሜራ ቢሆን ምናልባት ጉልበታቸው ይገባ ነበር።»

ሰው ሁሉ ስለ አንዲት እናት ቃል ተሰብስቦ፣ እናቲቱ ብቻ ከምስሉ ውጭ ሆኑ። ቃላቸውን እዚያው ሆነው ቢሰጡ በጅጅጋ ያለው ልጅ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ከስልኩ የባሰ ይሆናል።

«ልንገራቸው?» አለች።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሌንሱ ሁሉን ያያል፤ እኛንም ያያል። እኔ ጣቴን ባነሣ፣ ልጅቱ ብትጠቅስ፣ አንዱ የእኛ ሰው ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ ቢያንሾካሹክ፣ በቪዲዮው ላይ የሚታየው የገዳይ ወገን የሟችን እናት ቦታ ሲያስለውጥ ነው። የጅጅጋው ሰው የፈራው ይኼንኑ ነበር።

«እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርጊ» አልኳት። የራሴንም አደረግሁ።

ምርቃቱ አለቀ። ወንድሜ ከእኛ ሰልፍ መጨረሻ፣ ገዳይ ምሕረት ሲለምን በአንገቱ የሚሸከመውን ድንጋይ ከፊቱ አስቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ቃሉ ከተሰጠ ድንጋዩን ተሸክሞ ወደ ባዶው መሬት ይገባል። ካልተሰጠ እንደመጣን እንመለሳለን፤ ይኼ ዓይነቱ ነገር ደግሞ አንዴ ከፈረሰ በሰው ዕድሜ ተመልሶ አይቆምም።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ቆመው «እንግዲህ የሟች እናት ቃላቸውን ይስጡን» አሉ።

የእናቲቱ ዓይን ሽማግሌው ላይ አልነበረም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አጠገባቸው ያለችውን ትንሽ ስክሪን ያያሉ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። በስክሪኗ ውስጥ ወገኖቻቸውም፣ እኛም፣ ሽማግሌዎቹም አለን። እርሳቸው የሉም።

ተነሡ። በርጩማቸውን በእጃቸው አንጠለጠሉ።

እኔ ትተውን ሊሄዱ ነው ብዬ ነበር። የእነሱም ሰዎች እንዲያ የመሰላቸው ይመስለኛል፤ አንድ ጎልማሳ የነጠላቸውን ጫፍ ያዘ። ቀስ ብለው አስለቀቁት። ከዚያ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ተራመዱ። እግራቸው ባዶውን መሬት ረገጠ።

በእኛ በኩል ወንዶቹ ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሡ። በእነሱም በኩል ተነሡ። ካህኑ መስቀሉን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። የሽማግሌው ጭራ ከእጃቸው ወደቀ፤ ጎንበስ ብለው አላነሡትም። ወንድሜ ቀና አላለም። እኔ ቦታዬ ላይ ነበርኩ፤ እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር።

እናቲቱ በርጩማቸውን ከካሜራው ፊት፣ እጅ ቢዘረጋ በሚነካበት ቦታ አኖሩና ከሌንሱ ትይዩ ተቀመጡ። ጀርባቸው ለሁላችንም ሆነ።

«ቀረቡ» አለች ልጅቱ። «በጣም ቀረቡ። ይደበዝዛሉ።»

«ልጄ» አሉ እናቲቱ ለሌንሱ። «ከዚያ ሆኜ አልታይህም ነበርና መጣሁ። ወንድምህን የሚመልስልኝ ቢኖር ዱላ የማነሣ እኔ ነበርሁ። የሚመልስልኝ አላገኘሁም። እኔ ትቻለሁ። አንተም ተው።»

ከዚያ የሆነው ሥርዓቱ ነው። ወንድሜ ድንጋዩን ተሸክሞ ገባ፤ ሽማግሌዎቹ ከአንገቱ አወረዱለት። ካህኑ መስቀል አሳለሙ። እናቲቱ ሲወጡ በእኛ በኩል አለፉ። ሰላም አልተባባልንም። ጎናቸው ትከሻዬን ነካው፤ ያ ነበር።

ቡሬ ሻይ ቤት ገብተን ልጅቱ ቪዲዮውን ኮምፒዩተሯ ላይ ከፈተችው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። ሁሉም ሰው እስከ ጥፍሩ ጥርት ብሎ ይታያል። እናቲቱ ግን ገና ሲቀመጡ ምስሉን ከግማሽ በላይ ሞሉትና ጭጋግ በያዘው መስታወት እንደሚታይ ሰው ሆኑ። ዓይናቸው፣ አፋቸው አይለይም። ድምፅ ብቻ አለ።

ልጅቱ ኮምፒዩተሩን ከደነችው። «ፊት የለም» አለች። «እናቴ አይደለችም ቢል ምን እንላለን?»

«ይደገም አይባል፤ እርቅ ሰርግ አይደል» አሉ ሽማግሌው።

«ከእነሱ ወገን አንድ ሰው በስልኩ ሲቀርጽ አይቻለሁ። ከጎን ፊታቸው ይታያል። እሱን ለምኜ መሃል ላይ ባስገባው...»

«ቁራጭ አልቀበልም ብሏል» አልኳት።

«የደበዘዘ እቀበላለሁም አላለም፣ እቴቴ።»

ሽማግሌው ሻያቸውን ጨርሰው «እንዳለ ይሂድ» አሉ። ኢንተርኔቱ ያን ሰሞን ያን ያህል ነገር የሚሸከም አልነበረም። ቪዲዮው ያለባትን ሚሞሪ በጨርቅ ጠቅልለን፣ በፖስታ አድርገን፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሾፌር ሰጠን፤ ከዚያ ሌላ ሰው ተቀብሎ ያሻግራታል።

መጠበቅ ጀመርን። እርቁ ወርዷል፣ ካህን አሳልሟል፤ ወንድሜ ግን በር ሲንኳኳ አሁንም ጓዳ ይገባል። ልጅቱ ሁለት ሰርግ ተጠርታ አልሄድም አለች። ሌንሱን ከነፕላስተሩ ቡፌው ላይ አስቀምጣዋለች፤ አትነካውም። አንዳንዴ በማለፍ ላይ ሳለሁ ያየኝ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ደወሉልን፤ ሚሞሪዋ መድረሷን እንጂ ሰውየው ያለውን አልሰሙም። ከዚያ ስልኩን ቢሞክሩት አይነሣም። መንገዱ ደግሞ ተከፍቷል ተባለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ወንድሜ ተነሥቶ ገባ። ከፈትኩ። ረጅም፣ ሽበት የጀመረው፣ የመንገድ አቧራ ጫማውን የሸፈነው ሰው ቆሟል። አይቼው አላውቅም። ግን ቀጥ ያለ አቋሙን ዐውቀዋለሁ፤ በርጩማ አንጠልጥሎ ሲነሣ ያየሁት አቋም ነው።

«ቪዲዮ የምትቀርጸዋ ልጅ ቤት ይኼ ነው፣ እማማ?»

እጁን አየሁ። ከትንሽ ቦርሳ በቀር ምንም የለበትም። ቦርሳውንም አየሁት። ማየቴን አየና ቦርሳውን ደጅ ላይ አስቀምጦት ባዶ እጁን ገባ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ልጅቱ ከወዲያኛው ክፍል ወጥታ ሰላም አለችውና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ያ ነው?» አለ ቡፌውን እያየ። አንሥታ ሰጠችው። አገላበጠውና በመዳፉ መዘነው።

«እናቴን አደብዝዘሽብኛል» አለ።

«ቀርበው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንዳይዞር አስሬው ነበር።»

«መጀመሪያ ተናደድኩ። ዘጋሁት። ደግሜ ስከፍተው ፊቷን ማየት ሲያቅተኝ ከኋላዋ ያለውን ሰው ማየት ጀመርሁ። አንድ በአንድ አየኋቸው። እናንተ እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ እንዳደረጋችሁ ናችሁ። የጠቀሳት የለም። የእኛዎቹ እንኳ ሊያስቀሯት ነው የያዟት። ሽማግሌው ጭራቸውን ጣሉ። ያስተማሯት ቢሆን አይደነግጡም ነበር። ራሷ ነች የገባች። እናቴን ዐውቃታለሁ፤ ማንም ተነሽ ስላላት አትነሣም።»

ሌንሱን ለልጅቱ መለሰላት።

«ቀብሩ ላይ አልደረስሁም ነበር» አለ ለእኔ። «እርቁ ላይ ልገኝ ብዬ ነው ያን ሁሉ ያልሁ።»

ከጓዳ ሳል ተሰማ። ከዚያ መጋረጃው ተገለጠና ወንድሜ ወጣ። ጫማ አላደረገም። ከደጁ ብርሃን ፊት መጥቶ ቆመ፤ ወዴት እንደሚቀመጥ አላወቀም። እንግዳው ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፤ ወደ አግዳሚው ሌላ ጫፍ ተጠጋና ከእሱ ራቅ ያለውን ቦታ በእጁ አሳየው።

«እዚያ ሁን» አለው። «እዚያ ደህና ትታያለህ።»

ተቀመጠ። ለመክሰስ ያለኝን አቀረብሁ፤ ሁለቱም ከአንድ ሳህን በሉ። ብዙ አልተነጋገሩም። የበቆሎው ዋጋ፣ የመንገዱ ነገር፣ የመስኖው ቦይ አሁን በሲሚንቶ መሠራቱ። እንግዳው ከመምሸቱ በፊት ወደ እናቱ አገር መኪና ያዘ።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እኔ ነጠላዬን ስፈልግ ወንድሜ ተነሥቶ ከፈተ። ወተት የምታመጣልን ሴት ነበረች። ደንግጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ስንት ዘመን ስትመላለስ፣ በዚያ ቤት ወንድ መኖሩን አታውቅም ነበር።